ስልኩ ግቢያችን ይቀመጥ ወይስ ክላውድ ላይ ይውጣ?

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ገላን በሚገኝ የፕላስቲክ ፋብሪካ የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ጀሪካን፣ ባልዲና የውኃ ቱቦ እናመርታለን። መርካቶ መሸጫ፣ ቃሊቲ ደግሞ መጋዘን አለን። ባለፈው ክረምት መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የቢሮ ስልኮቻችንን የሚያገናኘው የድሮው ማዕከል ተቃጠለ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሚሠራው በየራሱ ሞባይል ነው። በቅርቡ አንድ የሽያጭ ሠራተኛ ሲለቅ ደንበኞቹንም ይዞ ሄደ።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ሁለት ፕሮፎርማ አለ። አንደኛው 28 ስልክ፣ ማዕከሉንና የኢሜይል ሰርቨር ጨምሬ እዚሁ ግቢያችሁ ልትከል ይላል፤ ዋጋው 690 ሺህ ብር ነው። ሌላው ምንም ዕቃ አትግዙ፣ ሁሉም ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በምትከራዩት ሰርቨር ላይ ነው፣ ለአንድ ሰው በወር 9 ዶላር በዕለቱ ምንዛሪ ክፈሉ ይላል። ባለቤቱ «በዓይኔ ያላየሁት ንብረት የእኔ አይደለም» ይላሉ። ውጭ ተምሮ የመጣው ልጃቸው ደግሞ «ዛሬ ሰርቨር የሚገዛ የለም» ባይ ነው። እኔ መሀል ላይ ቆሜያለሁ። ኮምፒውተር የሚጠግንልን ልጅም ቋሚ አይደለም፤ ስንጠራው ነው የሚመጣው። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከገላን


እህቴ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ አንቺን ያበርታሽ። ደብዳቤሽን ሳነብ ከሁለቱ ፕሮፎርማ ይልቅ ያሳሰበኝ በአንድ መስመር ያለፍሽው ነገር ነው፤ የሽያጭ ሠራተኛው ደንበኛ ይዞ መሄዱ። ይህ ማዕከሉ የትም ቢቀመጥ የሚፈታ ችግር አይደለም። ደንበኛው የያዘው ቁጥር የሠራተኛው የግል ቁጥር ስለሆነ ነው አብሮት የሄደው። ስለዚህ ገና አንድ ገመድ ሳይገዛ በድርጅቱ ንግድ ፈቃድና ማኅተም ለሽያጭ ክፍሉ ሲም ካርድ አውጪ። ሲሙም ቀፎውም የድርጅቱ ሆኖ በርክክብ ይሰጥ፣ ሠራተኛው ሲለቅ በርክክብ ይመለስ። የቴሌግራም አካውንቱም በዚሁ ቁጥር ይከፈት፤ ሁለተኛው የይለፍ ቃል አንቺ ጋ ይሁን። ደረሰኝና ቢዝነስ ካርድ ላይ የሚታተመው ግን የቢሮው መደበኛ ቁጥር ብቻ ነው።

መደበኛ ቁጥር ስል፣ የተቃጠለው ማዕከሉ እንጂ ከቴሌ የሚመጡት መስመሮች አይደሉም። ሂሳባቸው እየተከፈለ ከሆነ ዛሬም ግድግዳው ላይ አሉ። አንድ ተራ የጠረጴዛ ስልክ ወስደሽ ማዕከሉ ሳይኖር ቀጥታ መስመሩ ላይ ሰኪው። ድምፅ ካለው ሪሴፕሽኒስቷ ከነገ ጀምራ በእሱ ትሥራ። የድሮ ደንበኛ ያንን ቁጥር ደውሎ ማንም ካላነሳው ፋብሪካው የተዘጋ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። አቋሜን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ስልኩ ግቢ ውስጥ ይቀመጥ፣ ኢሜይሉ ክላውድ ላይ ይውጣ። ሁለቱም ሻጮች ስልክና ኢሜይልን በአንድ ጥቅል ስላቀረቡልሽ ጥያቄው አንድ መሰለሽ እንጂ ሁለት ነው፤ መልሱም የተለያየ ነው። አባትም ልጅም ግማሽ ግማሽ እውነት ይዘዋል ማለት ነው። ይህን ፊት ለፊታቸው የምትናገሪበትን መንገድ ግን ለአንቺ ትቼዋለሁ።

እስቲ ከፋብሪካው በር እንነሳ። አይሱዙ ጭኖ ሊወጣ ሲል ጥበቃው ስቶር ይደውላል። «ጌት ፓሱ ላይ ሦስት መቶ ባልዲ ይላል፣ ልክ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ከበሩ እስከ ስቶሩ ሁለት መቶ ሜትር ይሆናል እንበል። ማዕከሉ ግቢያችሁ ውስጥ ከሆነ ይህ ጥሪ ከአጥር አይወጣም። ክላውድ ላይ ከሆነ ግን ጥበቃው ቁጥሩን ሲጫን ጥያቄው በፋይበር ከገላን ወጥቶ፣ አዲስ አበባን አልፎ፣ በጅቡቲ ወይም በሌላ አቅጣጫ ድንበር ተሻግሮ ሻጩ ሰርቨሩን ያስቀመጠበት አገር ይደርሳል። ሰርቨሩ ስቶርን ጥራ ሲል ትእዛዙ በዚያው መንገድ ተመልሶ የስቶሩ ስልክ ይጮሃል። ሁሉ ሰላም በሆነ ቀን ይህ የዓይን ጥቅሻ ነው፣ ጥበቃው ምንም አይታወቀውም። ፋይበሩ በተቆረጠ ቀን ግን ጥበቃውና ስቶር ኪፐሩ በዓይን እየተያዩ መደዋወል አይችሉም። ድምፁ እዚያው ግቢ ውስጥ የሚቀር ዓይነት ሥርዓት ቢሆን እንኳ ጥሪውን የሚያገናኘው አካል ውጭ ስለሆነ ለውጥ የለውም።

ገላን ምን ዓይነት ቦታ እንደሆነ ደግሞ አንቺ ታውቂዋለሽ። መንገድ ይቆፈራል፣ የውኃ መስመር ይቀበራል፣ ጎረቤት ያለው ባዶ ቦታ ላይ አዲስ ፋብሪካ መሠረት ይወጣል። ስካቫተር ነጂው ፋይበር የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ካርታ ይዞ አይደለም ሥራ የሚጀምረው። ከቆፋሪው ውጭ የሆነ ምክንያትም አለ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ሲዘጋ መደበኛው ስልክ ይጠራ ነበር፤ በኢንተርኔት ላይ የቆመው ሁሉ ግን ቆመ። ከዚያ በፊት በ2011 ሰኔም አይተነዋል። ፋብሪካ እመራለሁ የሚል ሰው ይህን እንደ ታሪክ አንብቦ ሊያልፈው አይገባም።

የክላውዱ ሻጭ ይህን ስትነግሪው «ሰርቨራችን እኮ እዚሁ አገር ውስጥ ነው» ሊልሽ ይችላል። ሊሆን ይችላል፤ ጎሮ አይሲቲ ፓርክ ውስጥ እንደ ዊንጉና ራክሲዮ ያሉ የመረጃ ማዕከላት ተከፍተዋል፣ ኢትዮ ቴሌኮምም የራሱን የክላውድ አገልግሎት ይሸጣል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ድምፁ ባሕር ስለማይሻገር መዘግየቱ ይቀንሳል፣ ክፍያውም በብር ይሆናል። የጥበቃውን ችግር ግን አይፈታም። ሰርቨሩ ጎሮ ቢቀመጥም የሚቆፈረው ገላን ነው።

ሌላው የሚያምታታሽ ነገር ፍጥነት ነው። ሻጩ «ስንት ሜጋ አላችሁ?» ብሎ ጠይቆ፣ ሃያ ስትዪው «በቂ ነው» ብሎ ያልፋል። በእርግጥም ስልክ ብዙ ሜጋ አይበላም። በተለመደው የድምፅ አሠራር አንድ ጥሪ ለመሄጃ 90 ኪሎቢት በሰከንድ ገደማ፣ ለመመለሻም ያንኑ ያህል ነው የሚፈልገው። አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ እንኳ አንድ ሜጋ ቢት አይሞላም። ድምፅን የሚገድለው መዘግየትና መቆራረጥ ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ከ150 ሚሊሰከንድ ባይበልጥ ይመክራል። ከዚያ በላይ ሲሄድ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ላይ መናገር፣ ከዚያ በአንድ ላይ ዝም ማለት ይጀምራሉ፤ የውጭ አገር ዘመድ ስትደውዪ የሚያጋጥምሽ ዓይነት። ስለዚህ ከሻጩ የሰርቨሩን አድራሻ ተቀብለሽ ኮምፒውተር የሚጠግንላችሁ ልጅ ከቢሯችሁ ሙሉ የሥራ ቀን ፒንግ እያደረገ፣ ማለትም አጭር ምልክት ልኮ እስኪመለስ የሚፈጀውን ጊዜ እየለካ፣ ይመዝግብልሽ። በተለይ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ሁሉም ኢንተርኔት ላይ ባለበት ሰዓት ምን እንደሚመስል እይ። ፒንግ የደርሶ መልስ ጊዜ ስለሆነ ቁጥሩን ለሁለት ማካፈሉን እንዳይረሳ። ከተላከው ምልክት ከመቶው አንድና ከዚያ በላይ ጠፍቶ የሚቀር ካለ ደግሞ ደንበኛሽ «አይሰማኝም፣ አይሰማኝም» ሲል ልትውዪ ነው።

ስለ መብራት። ክላውድ የሚሸጡ ሰዎች መብራት ቢጠፋም ሥርዓቱ አይጠፋም ይላሉ። ሥርዓቱ አይጠፋም፤ አንቺ ጋ ያለው ራውተር፣ ስዊች (የዳታ ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን) እና ስልክ ግን ይጠፋል። ስለዚህ የትኛውንም ብትመርጪ ባትሪ ትገዣለሽ። ሂሳቡ ከባድ አይደለም። ማዕከሉ፣ ስዊቹ፣ ራውተሩና አሥር የዳታ ስልክ (በኔትወርክ ገመድ የሚሠራ ስልክ ነው፤ ለምን አሥር እንዳልኩ ቀጥሎ ታያለሽ) አንድ ላይ ከ150 ዋት አይበልጡም። ባለ 12 ቮልት 100 አምፒር አወር የሆኑ ሁለት ባትሪዎች 2400 ዋት አወር ይይዛሉ። ሊድ አሲድ ባትሪ እድሜ እንዲኖረው ከግማሹ በላይ ባይወጣ ይሻላልና 1200 ነው ብለሽ አስቢ። የባትሪውን ኃይል ወደ መብራት ኃይል በሚለውጠው መሣሪያ የሚባክነው ተቀንሶ ስድስት ሰባት ሰዓት ያቆይሻል፤ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ወይ ማታ ሠራተኛ እስኪወጣ ከበቂ በላይ ነው። እዚህ ላይ ግን አደራ፣ የድሮውን ማዕከል ያቃጠለው ነገር አዲሱንም ያቃጥለዋል። ፕሮፎርማው ውስጥ የኃይል መከላከያ አለ? ግራውንዲንጉ፣ ማለትም ትርፉን ኃይል ወደ መሬት የሚያወርደው መስመር፣ ተለክቷል? ሁለቱም ከሌሉ 690 ሺህ ብሩን እስከሚቀጥለው ክረምት ድረስ ተከራየሽው ማለት ነው።

ደግሞ 28 አዲስ የዳታ ስልክ ለምን? ይህን ጥያቄ ማንም ያነሳልሽ አይመስለኝም። የዳታ ገመድ በደንቡ 100 ሜትር ነው የሚሄደው፤ ከዚያ በላይ መሀል ላይ ሌላ ስዊች ወይም ፋይበር ይፈልጋል። በሩ ሁለት መቶ ሜትር ከሆነ ሻጩ ለአንድ የጥበቃ ስልክ ብሎ ፋይበር፣ መቀየሪያና ሳጥን ሊያስገዛሽ ነው። የድሮው የስልክ ሽቦ ግን ኪሎ ሜትርም ቢሆን ይሄዳል፤ ተቀብሮ ተቀምጦልሻል። የአናሎግ ስልኮችን፣ ማለትም የድሮውን ዓይነት ስልኮች፣ ከአዲሱ ማዕከል ጋር የሚያገናኝ ጌትዌይ የሚባል ሳጥን አለ። በሩን፣ ስቶሩን፣ ማሽን ክፍሉን፣ ክበቡን በድሮው ሽቦና በድሮው ስልክ በዚያ በኩል አስገቢ። የዳታ ስልክ ለቢሮዎቹ ብቻ ይሁን፤ አሥር ቢሆን ነው። ግንበኛ መጥቶ «ይህ አሮጌ ሽቦ ይነሳ» ቢልሽ እጁን ያዢው። ከግቢ ግቢ በአየር ላይ የተዘረጋ ሽቦ ካለ ግን መብረቅ ስለሚስብ ጫፍና ጫፉ ላይ መከላከያ ይደረግበት።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ 9 ዶላር ትንሽ ይመስላል። በ28 ሰው በወር 252፣ በዓመት 3024 ዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ሂሳብ 172 ሺህ ብር ይሆን ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር መቶ ብር ሲሻገር ያው አገልግሎት፣ ያው 28 ሰው፣ ከ302 ሺህ ብር በላይ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ አልወረደም። ባልዲ የምትሸጡት በብር ነው። የዕለት ምንዛሪ የሚል ውል ስትፈርሚ የምንዛሪውን ጭማሪ በሙሉ ፋብሪካው እንዲሸከም ተስማማሽ ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ28ቱ ሰው ውስጥ ጥበቃ፣ የማሽን ክፍልና ክበብ አሉበት፤ በቀን ሁለት ጊዜ ለሚደውል ስልክ በወር 9 ዶላር አይከፈልም።

የባለቤቱ ልጅ ግን ሞኝ አይደለም። ቦሌ ላይ ስድስት ሰዎች ላፕቶፕ ይዘው የሚሠሩበት ቢሮ ቢሆን ኖሮ፣ ማዕከል ግዙ የሚላቸውን ሰው እኔ ራሴ ከበር እመልሰው ነበር። የእናንተ ፋብሪካ እንደዚያ አይደለም። አጥር፣ በር፣ ስቶር፣ የማሽን ድምፅ፣ ፈረቃ አለው። ከጥሪው አብዛኛው ከግቢ አይወጣም ብዬ እገምታለሁ፤ ሪሴፕሽኒስቷን ጠይቂያትና አረጋግጪ።

አሁን ደግሞ አባትየው የማይሰሙትን ልንገርሽ፤ በዓይን የሚታይ ንብረት ጠባቂ ይፈልጋል። የድሮው ማዕከል ከተተከለ በኋላ ማንም ሳይነካው ዓመታት መሥራት ይችል ነበር። አዲሱ ኮምፒውተር ነው፤ ይታደሳል፣ ይጠበቃል፣ ካልተጠበቀ ይዘረፋል። ዘረፋው እንዲህ ነው። ገጣሚው ሥራው እንዲቀለው ኤክስቴንሽን (የውስጥ ቁጥር) 101ን በይለፍ ቃል 101 ከፍቶ፣ ማዕከሉን ለኢንተርኔት አጋልጦ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ክፍት በር ሌት ተቀን የሚፈልጉ ፕሮግራሞች በዓለም ላይ አሉ፤ ካገኙት በዓል ወይም እሑድ ሌሊት ጠብቀው በእናንተ መስመር ወደ ውድ የውጭ ቁጥሮች እስኪነጋ ይደውላሉ። ሂሳቡ የሚመጣው በፋብሪካው ስም ነው። መከላከያው ቀላል ነው፤ ማዕከሉ ከኢንተርኔት በቀጥታ እንዳይደረስ ይደረግ፣ የይለፍ ቃሎቹ ረጅምና የተለያዩ ይሁኑ፣ በመደበኛ መስመሮቹ ላይ የውጭ አገር ጥሪ እንዲዘጋ ለቴሌ በደብዳቤ ይጠየቅ። ውጭ አገር መደወል የሚያስፈልገው ሰው ስንት ነው? ግዢ ክፍሉና ባለቤቱ ናቸው፤ እነሱም አብዛኛውን ጊዜ በዋትስአፕ ነው የሚደውሉት።

ስንጠራው ይመጣል ያልሽውን ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ባለበት ሁኔታ አትተማመኚበት። ችሎታውን ንቄ አይደለም። በወር አንድ ቀን ተወስኖ፣ በጽሑፍ ውል፣ ምን ምን እንደሚያይ ተዘርዝሮ ይቀጠር፤ ዕድሳቱን ይጭናል፣ የማዕከሉን ማስተካከያ በፍላሽ ይገለብጣል፣ የባትሪውን አቅም ይፈትሻል። ፍላሹና የዋናው አስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ይቀመጡ። ሻጭ ቁጥር ይዞ እንደሄደ ሁሉ ቴክኒሺያንም የይለፍ ቃል ይዞ ይሄዳል፤ ያኔ ማዕከሉ ግቢሽ ውስጥ ተቀምጦ ባለቤቱ ሌላ ሰው ይሆናል። ይህን ውል የማትፈርሙ ከሆነ ምክሬን እለውጣለሁ፤ ጠባቂ የሌለው ሰርቨር ከመትከል አገር ውስጥ ያለ ክላውድ ተከራዩና ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር በመጠባበቂያ አስገቡ።

አንድ ነገር በጨረፍታ። እነዚህ አዳዲስ የስልክ ማዕከሎች ብዙዎቹ የሚሠሩት አስቴሪስክ በሚባል ነፃ ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ ወጣት ለትንሽ ድርጅቱ የስልክ ማዕከል መግዣ ቢያጣ ራሱ ጻፈው። ስለዚህ ሻጩ ለእያንዳንዱ ኤክስቴንሽን ዓመታዊ የፈቃድ ክፍያ አለ ካለሽ ለምን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲያስረዳሽ ጠይቂው። አንዳንዱ እውነተኛ ነው፣ አንዳንዱ ሲጠየቅ ይጠፋል።

ኢሜይሉ ላይ ብዙ አላደክምሽም፤ ያንን መስመር ከፕሮፎርማው ሰርዢው። ኢሜይል ከስልክ የሚለየው ሥራው ሁሉ ከአጥር ውጭ በመሆኑ ነው። ኢንተርኔት ሲቋረጥ የግቢው የኢሜይል ሰርቨር ብቻውን ምንም አይጠቅምሽም፤ ይልቁንም የሚላክልሽ ደብዳቤ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል፣ ሲቆይም ለላኪው ይመለሳል። ከዚያ ደግሞ ከፋብሪካ ግቢ የተላከ ደብዳቤን ትላልቆቹ ኩባንያዎች አያምኑትም። ላኪው እውነተኛ መሆኑን የሚያረጋግጡ ምዝገባዎች አንዱ ቢጎድል ጥሬ ዕቃ ለምታስመጪበት የቻይና ኩባንያ የላክሽው ማዘዣ ቆሻሻ መልእክት ውስጥ ይወድቃል፤ አንቺ መልስ ስትጠብቂ እሱ አላየውም። ጥቃቱም አለ። እ.ኤ.አ. በማርች 2021 በየግቢያቸው የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ ሰርቨር ያስቀመጡ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ድርጅቶች በሶፍትዌሩ ቀዳዳዎች ተዘረፉ፤ ያንኑ አገልግሎት ከማይክሮሶፍት ክላውድ የተከራዩት አልተነኩም። እናንተ ጋ እንዲህ ያለ ቀዳዳ በዚያው ቀን የሚደፍን ማን አለ?

ስለዚህ ለኢሜይሉ ክላውድ ተከራዩ፤ ለ28 ሰው ግን አይደለም። ፋይናንስ፣ ግዢ፣ ሽያጭ፣ ሰው ኃይል፣ ሥራ አስኪያጁ እያልሽ ስትቆጥሪ ስምንት ሰው ቢሆን ነው። ጉግል ወርክስፔስ በዓመት ውል ለአንድ ሰው በወር 7 ዶላር ገደማ ነው፤ ስምንቱ በዓመት 672 ዶላር ይሆናሉ። ዶላር ነው፣ አውቃለሁ፤ በብር ደረሰኝ የሚሸጡ የአገር ውስጥ ወኪሎች ስላሉ ፋይናንስሽን አያስቸግርም። ዶሜይኑ፣ ማለትም ከአድራሻው ምልክት በኋላ የሚመጣው የድርጅቱ ስም፣ በፋብሪካው ስም ይመዝገብ፤ በልጅየው ወይም በወኪሉ የግል ስም አይሁን። እንደ ስልክ ቁጥሩ ነው፣ በማን ስም እንዳለ ከወዲሁ ካልታየ ኋላ ክርክር ያመጣል። በወር አንዴ ደግሞ አስፈላጊው ደብዳቤ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ ይገልበጥ። እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ የኦቪኤች ኩባንያ የመረጃ ማዕከል ተቃጥሎ፣ ኩባንያው መጠባበቂያ የሚይዝላቸው የመሰላቸው ደንበኞች ባዶ እጃቸውን ቀርተዋል። ክላውድም ሕንፃ ነው፤ ይነዳል።

የሕጉን ነገር አጠር አድርጌ፣ ግን ጠንከር አድርጌ ልበል። ከሁለቱ ሻጮች አንዱ «ሳጥኑ ውስጥ ብዙ ሲም እንከትና ጥሪ በርካሽ እናሳልፍላችኋለን» ወይም «የውጭ ጥሪ በኢንተርኔት አምጥተን አገር ውስጥ እናስገባለን» ካለሽ ቡናውን ጨርሶ እንዲሄድ አድርጊ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ይህን በእስር ነው የሚቀጣው፤ ሳጥኑ የተገኘው እናንተ ግቢ ከሆነ የመጀመሪያው ተጠያቂ ሻጩ አይሆንም። መሣሪያው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፈቀደው ዓይነት መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ከፕሮፎርማው ጋር ይያያዝ። የደንበኛ ጥሪ የምትቀዱ ከሆነ ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይመለከታችኋል። ቅጂው የት እንደሚቀመጥ፣ በተለይ ከአገር ሲወጣ፣ ሕጉ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ጠበቃችሁን ጠይቁ። እኔ ብሆን ጥሪ መቅዳቱን ለጊዜው አልጀምረውም።

መርካቶና ቃሊቲን አልረሳሁም። ልጅየው ደስ የሚለው እዚህ ላይ ነው። መርካቶ ያለው መሸጫ የተለየ ማዕከል አያስፈልገውም፤ ኢንተርኔት ካለው በቪፒኤን፣ ማለትም በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተዘጋ የግል መንገድ፣ ከገላኑ ማዕከል ጋር ተገናኝቶ እንደ አንድ ኤክስቴንሽን ይሠራል፣ ቃሊቲም እንደዚያው። የሽያጭ ሠራተኞቻችሁም ድርጅቱ በሰጣቸው ሞባይል ላይ የማዕከሉን አፕ ይጭናሉ፤ ደንበኛው የቢሮውን ቁጥር ደውሎ ሻጩ አትክልት ተራ ቆሞ ያነሳል። ሻጩ ሲለቅ አፑ ይዘጋል፣ ቁጥሩ ይቀራል። የመርካቶ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መርካቶ ብቻ ነው የሚቋረጠው፤ ለዚያም ሱቁ ውስጥ አንድ የድርጅት ሞባይል ይኑር። ለገላን ቢሮ የ4ጂ ራውተር ከሌላኛው ኦፕሬተር ገዝተሽ አስቀምጪ፤ ፋይበሩ የኢትዮ ቴሌኮም ከሆነ የሳፋሪኮም ይሁን፣ ወይ በተቃራኒው። ከመግዛትሽ በፊት ግን ሲሙን በሞባይል ግቢው ውስጥ ይዘሽ ዙሪና የት የት እንደሚይዝ እይ፤ የቆርቆሮ መጋዘን ውስጥ ኔትወርክ ይሞታል።

ለመጀመሪያው ሻጭ የምትጽፊው እንግዲህ ይህ ነው፤ የኢሜይል ሰርቨሩ ይውጣ፣ የዳታ ስልኩ ከ28 ወደ አሥር ይውረድ፣ ለቀሩት የአናሎግ ጌትዌይ ይግባ፣ የኃይል መከላከያ፣ ግራውንዲንግና ባትሪ በዝርዝር ከነዋጋቸው ይጻፉ፣ የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል በርክክብ ሰነዱ ላይ ይካተት። ክፍያው ሲተከል በሙሉ አይሰጥ፤ የተወሰነው ሙሉ የሥራ ወር ካለፈ በኋላ ይለቀቅ። ሲያስረክብሽ አንቺ ራስሽ ዋናውን የፋይበር ገመድ ከራውተሩ ንቀይና ጥበቃው ስቶር እንዲደውል አድርጊ። ቀጥሎ የመብራቱን ማብሪያ ዝጊና ሪሴፕሽኒስቷ ከውጭ የመጣ ጥሪ ለሽያጭ ታስተላልፍ። ሁለቱም ከሠሩ ፈርሚለት።